ፀጉር ጠባቂ አሠራር እንዴት ይመረጣል? ርዝመቱስ የት ይጠፋል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። ፀጉሬ በጣም የተጠቀለለ ነው። ሪላክሰር መቀባት ካቆምኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፤ ጫፉ ላይ ግን የድሮው የለሰለሰው ፀጉር አሁንም አለ። እንዲያድግልኝ ብዬ ያለ ዕረፍት ሹሩባ እሠራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን ሆኖ ቅጥያ ፀጉር የገባበት ነው፤ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ፀጉሬ ከትከሻዬ አላለፈም። ስፈታው የሚወጣው ያስደነግጠኛል፤ የግንባሬ ዳርም እየሳሳ መጥቷል። ፀጉርን ይጠብቃሉ ከሚባሉት አሠራሮች የትኛው ይሻለኛል? የ6 ዓመት ልጄንም እንደ ራሴ ነው የማሠራት፤ ለእሷስ ምን ትመክሪኛለሽ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ርዝመቱን እመለስበታለሁ። አስቀድመን ስለ ግንባርሽ እናውራ፤ ምክንያቱም የተሰበረ ፀጉር ከሥሩ እንደገና ያድጋል፣ ሥሩ ጠባሳ የያዘበት ግን አይመለስም።

ፀጉር ሥሩ ላይ ያለማቋረጥ ሲጎተት የሥሩ ዙሪያ ይቆጣል። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ብዙ ሴቶች «አዲስ ሹሩባ እንዲህ ነው» ብለው የሚያልፏቸው ናቸው፦ በተሠሩበት ማታ ራስን ትራስ ላይ ማሳረፍ አለመቻል፣ ከእያንዳንዱ ጉንጉን ሥር ቆዳው ወደ ላይ ተስቦ መወጠሩ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ፀጉሩ በበቀለበት ዙሪያ ጥቃቅን ብጉር መውጣቱ። በዚህ ደረጃ መጎተቱ ከቆመ ፀጉሩ ይመለሳል። ካልቆመ ሥሩ እየቀጨጨ፣ የሚያበቅለው ፀጉር እየቀጠነ ይሄዳል፤ ዓመታት ሲያልፉ ቦታው ጠባሳ ይዞ ይቀራል። በሕክምና ትራክሽን አሎፔሺያ ይባላል። በሕክምና ጽሑፎች ላይ በግልጽ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ የታየውም ፀጉራቸውን ወደ ላይ አጥብቀው በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነበር። ይህን የማነሳው ብዙ ሴቶች «የእኔ ፀጉር ክፉ ነው» እያሉ ራሳቸውን ስለሚወቅሱ ነው። ለስላሳም ይሁን የተጠቀለለ፣ ሳያቋርጡ የጎተቱት ፀጉር ይሳሳል።

ዛሬውኑ በጥሩ ብርሃን መስታወት ፊት ቁሚና የግንባርሽን ዳር እዪ። የሳሳው ቦታ ፊት ለፊት፣ የፀጉሩ መስመር በሚጀምርበት ላይ፣ አጫጭርና ቀጫጭን ፀጉሮች ጠርዝ ሠርተው ቀርተዋል? ከሆነ መጎተት ያመጣው መሳሳት ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። እነሱ የተረፉት አጭር በመሆናቸው ሹሩባው ውስጥ ስለማይገቡ ነው። ቀጥለሽ የሳሳውን ቆዳ ራሱን ተመልከቺ። ፀጉር የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ከታዩሽ ተስፋው ትልቅ ነው። ቆዳው ለስልሶ የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ወይም መሳሳቱ ከመሐል አናት ተነስቶ ወደ ውጭ የሚሰፋ ከሆነ፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ለመሄድ ቀጠሮ አታዘግዪ። የመሐል አናት መሳሳት ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ያም ጠባሳ ይተዋል። በጊዜ ከተደረሰበት ሐኪሙ የሚሰጠው ሕክምና አለ፦ ፀጉር እንዲበቅል የሚረዳው የሚቀባ ሚኖክሲዲል፣ ቁጣው ካለ ደግሞ ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት። መጎተቱ ሳይቆም ግን የትኛውም መድኃኒት አይረዳም።

አሁን ወደ ርዝመቱ። «ፀጉሬ አያድግም» ከሚሉኝ ሴቶች የአብዛኞቹ ፀጉር ያድጋል። የራስ ፀጉር በአማካይ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ በጣም የተጠቀለለ ፀጉር ከዚያ ጥቂት ያንሳል። ትንሹን እንኳ ብንይዝ በሦስት ዓመት ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ አብቅለሻል ማለት ነው። ያ ሁሉ ፀጉር የለም፤ ምክንያቱም ከሥር በወጣ መጠን ከጫፍ ተሰብሯል። ከቆዳ ውጭ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ የተጎዳውን ራሱ አይጠግንም። ትከሻሽ ላይ ያለው ጫፍ ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ነው፤ ስንት ሚዶ፣ ስንት ፎን፣ ስንት ትራስ አልፎበታል። የተጠቀለለ ፀጉር ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ችግር አለበት። ከቆዳ የሚወጣው ቅባት መጠምዘዣውን ተከትሎ እስከ ጫፍ ስለማይደርስ ጫፉ ይደርቃል። እያንዳንዱ መታጠፊያም በቀላሉ የሚሰበርበት ቦታ ነው።

ባንቺ ላይ ሦስተኛም አለ። ሪላክሰር በጣም አልካላይን የሆነ ኬሚካል ነው፤ የፀጉርን ጥንካሬ የያዙትን ማያያዣዎች ሰብሮ ነው የሚያለሰልሰው። አዲሱ የተጠቀለለው ፀጉርሽ ከድሮው የለሰለሰው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከሁሉም ደካማው ነው። አንዷን ፀጉር በሁለት ጣት ይዘሽ ከሥር ወደ ጫፍ ብትስቢያት የሚለወጠው ቦታ ጣትሽን ይነግርሻል፤ ብዙ ጊዜም የምትበጠሰው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ሹሩባሽ ውስጥ በየሁለት ወሩ የሚጠፋው ርዝመት ትልቁ ድርሻ ከዚህ መገናኛ ላይ ይመስለኛል። የለሰለሰውን ጫፍ በአንዴ መቆረጥ ካልሆነልሽ በየሦስት ወሩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር እያስቆረጥሽ ጨርሺው። ለተወሰነ ጊዜ አጭር ሆኖ ይታይሻል፤ ነገር ግን ያ ጫፍ እስካለ ድረስ የትኛውም አሠራር ርዝመትሽን አያቆይልሽም።

ታዲያ አሠራሩ ምን ይሠራል? ጫፉን ከመታሸት፣ ከሙቀትና ከየቀኑ ማበጠር ይሰውራል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው፤ ዕድገትን አያፋጥንም። አንድ አሠራር ጠባቂ መሆኑን የምለካው በሦስት ነገር ነው፦ ሥሩን አይጎትትም፣ ጫፉን ይሸፍናል፣ ሲፈታ ፀጉር አይበጥስም። የአንቺ ቀጭን ሹሩባ ሁለተኛውን ያሟላል፤ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ይወድቃል። ስሙ ሹሩባ ስለሆነ ብቻ አይጠብቅም።

የመጎተቱን ነገር ትንሽ ልዘርዝረው፤ ምርጫው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ጉንጉን ስትመለከቺ ሥሩ ላይ ስንት የራስሽ ፀጉር እንዳለና ያ ፀጉር ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም አነጻጽሪ። ቀጭን ሹሩባ ላይ የራስሽ ፀጉር ጥቂት ነው። ወገብ የሚደርስ ቅጥያ ሲጨመርበት እነዚያ ጥቂት ፀጉሮች ቀን ከሌት ተንጠልጥሎባቸው ይውላል፤ ሲታጠብ ውኃ ይጨመርበታል፤ ወደ ላይ ጠቅልለሽ ስታስሪው ደግሞ ክብደቱ በሙሉ በግንባርና በማጅራት ላይ ያርፋል። ቅጥያው ሥሩ ላይ በቋጠሮ የተጀመረ ከሆነ ያ ቋጠሮ ራሱ ቆዳ ላይ ይጫናል። በራስ ፀጉር ተጀምሮ ቅጥያው ቀስ በቀስ እየተጨመረበት የሚሄደው በጣም ይሻላል። አቅጣጫም ለውጥ አለው፦ ወደ ኋላ ተጎትቶ የሚሠራ ሹሩባ ግንባርን፣ ወደ ላይ የሚሰበሰብ ደግሞ ማጅራትንና ከጆሮ በላይ ያለውን ይጎትታል።

ለአንቺ የምመርጠው የሚከተለውን ነው። ለሚቀጥሉት ስድስት ወራት ቅጥያውን ተዪው። በራስሽ ፀጉር ብቻ፣ ወፈር ያለ፣ በሁለት ጥቅል የሚሠራ ትዊስት ተሠሪ። ከሥር የሚጎትተው ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ለመታጠብ ይመቻል፤ ሲፈታ ጣት ብቻ ይበቃዋል። የለሰለሰው ጫፍሽ ትዊስት አይዝም፣ ወዲያው ይፈታል፤ ስለዚህ ወደ ጫፉ ሲደርስ በሦስት ይጎንጎን ወይም በትንሽ ቢጎዲን ይጠቅለል። የግንባርሽን ዳር ዙሪያውን አንድ ጣት የሚያህል ስፋት ጨርሶ አታስነኪው፤ ይቀር። እሱን ለማስተኛት በጄል ወደ ኋላ መቦረሽም መጎተት ነው፤ በእጅ እርጥበት ነክተሽ መተው ነው እንጂ። ትዊስቱን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ፍቺው። በራስ ፀጉር የተሠራ ሹሩባ ሲሆን ሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል።

ግንባርሽ ካገገመ በኋላ ቅጥያ ብትፈልጊ ከልካይ የለሽም፤ መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ከትከሻ ብዙም የማይወርድ፣ ስድስት ሳምንት የሚቆይ ይሁን። ስምንት ሳምንት የመጨረሻው ነው። ምክንያቱም በሁለት ወር ውስጥ ከሥር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያልተጎነጎነ ፀጉር ይወጣል፤ ጉንጉኑ በዚያ ላይ እየተንጠለጠለና እየዞረ የወጣውን ፀጉር እርስ በርሱ ያያይዘዋል። በሚፈታበት ቀን የምትሰብሪው ያንን ነው። በሁለት ሹሩባ መካከልም ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት ይረፍ፤ ሲሠራም መከፈያው መስመር ካለፈው ቦታ ይቀየር።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ፦ የሚጠለቅ ዊግ ለግንባር ጥሩ ዕረፍት ሊሆን ይችላል፤ ሙጫ ካልተደረገበት፣ ላስቲኩ ካላጠበቀና ማታ ከወለቀ ነው ታዲያ። ከሥሩ የሚደረገው ቆብ የሳቲን ይሁን። ተሰፍቶ የሚቀጠል ሂዩማን ሄር ሥሩ የሚታጠብበት መንገድ ጠባብ ስለሆነና ክብደቱም ስላለ አሁን ላንቺ አልመክረውም። ፀጉርን ጠቅልሎ ማስያዝ ቀላልና ደግ ነው፤ ብቻ በየቀኑ በአንድ ቦታ፣ በላስቲክ አጥብቆ መሆን የለበትም። ድሬድ ደግሞ እየረዘመ ሲሄድ ስለሚከብድ ሥሩን ቶሎ ቶሎ ማስጠምዘዝ አያስፈልግም።

ፀጉር ሰሪሽ ጋ ስትቀመጪ ከመጀመሯ በፊት ተናገሪ፤ ከጨረሰች በኋላ ማንም ደፍሮ «ፍቺልኝ» አይልም። ሦስት አራት ጉንጉን ከሠራች በኋላ አስቁሚያትና ቅንድብሽን ወደ ላይ አንሺ፣ አንገትሽን ወደ ግራና ቀኝ አዙሪ። ቆዳው ከተወጠረ ወይም ካመመሽ የተሠራው ይፈታ። «ሲያድር ይላላል» የሚለውን አትቀበዪ፤ እስኪላላ ድረስ ያለው ጊዜ ነው ሥሩን የሚጎዳው። የሕመም ማስታገሻ ውጠሽ ማሳለፍማ ፈጽሞ አይገባም፤ ሕመሙ እየተጎዳሽ መሆኑን የሚነግርሽ ነው። ፀጉርሽ ታጥቦ፣ በኮንዲሽነር ተፈትቶ፣ ደርቆ ይሠራ። እርጥብ ፀጉር ሲሳብ ከልክ በላይ ይለጠጣል፤ የተጠቀለለ ፀጉር ደግሞ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ እርጥብ ሆኖ የተጎነጎነው ሲደርቅ ይጠብቃል። ጫፉን ለማስያዝ የፈላ ውኃ ውስጥ የሚነከረው ቅጥያ አንገትና ጀርባ ያቃጥላል፤ ካልቀረ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ በጥንቃቄ ይሁን። ሰው ሠራሽ ቅጥያ የሚያሳክካት ሴት አስቀድማ በሳሙና ብታጥበውና ደህና አድርጋ ብታለቀልቀው ብዙ ጊዜ ይቀልላታል።

ስትፈቺው የሚያስደነግጥሽን ነገር ደግሞ እንቁጠረው። ጤናማ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ሹሩባ ውስጥ የረገፈው መውጫ ስለሌለው እዚያው ተጠላልፎ ይቆያል። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው፤ ከ2,100 እስከ 4,200 ፀጉር ማለት ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ስታዪው ጭብጥ ቢሞላ አይግረምሽ። መደንገጥ ያለብሽ በብዛቱ ሳይሆን በዓይነቱ ነው። ከወጣው ውስጥ ጥቂቱን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጊ። ሙሉ ርዝመት ያለው፣ በአንድ ጫፉ ነጭ ትንሽ ኳስ መሳይ ነገር የያዘ ፀጉር ጊዜው ደርሶ የረገፈ ነው፤ ተተኪው ከሥር ይመጣል። አጭር ሆኖ በሁለቱም በኩል ኳስ የሌለው ግን የተሰበረ ነው። የተሰበረው ከበዛ አሠራሩ ወይም አፈታቱ አጥፍቷል። ነጭ ኳስ ያለው ለወራት ያለ ሹሩባም እየበዛ ከሄደ ሌላ ምክንያት ይፈለግ፦ የብረት ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ወይም ከሁለት ከሦስት ወር በፊት ያለፈ ወሊድ፣ ከባድ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ። ይህ በደም ምርመራና በጥያቄ የሚለይ ነው።

አፈታቱ ላይ አትቸኩዪ፤ ስድስት ሳምንት ያቆየሽው ርዝመት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠፋ ይችላል። ቅጥያ ካለ የራስሽ ፀጉር የት እንደሚያልቅ በጣትሽ ዳስሰሽ ካረጋገጥሽ በኋላ ከዚያ ብዙ ዝቅ ብለሽ ቁረጪው። ከጫፍ ወደ ሥር እየፈታሽ ስትደርሺ፣ ከቆዳው 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ግራጫ መሳይ የተጠቀለለ ቆሻሻ ታገኛለሽ፤ የሞተ ቆዳ፣ ቅባት፣ አቧራና የረገፈ ፀጉር ተያይዞ ነው። እዚህ ላይ ሚዶ አታስገቢ፤ ውኃም አታስነኪው፤ ውኃ ሲነካው ይጠብቃል። ኮንዲሽነር ወይም ቀለል ያለ ዘይት ንኪበት፣ በሁለት አውራ ጣትና በሁለት ሌባ ጣት ወደ ጎን እየከፈትሽ አላቂው። እያንዳንዱ ጉንጉን እንዲህ ከጸዳ በኋላ ሰፊ ጥርስ ባለው ሚዶ ከጫፍ ጀምሪ። ሻምፑው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሹሩባው እያለም ራስ ይታጠባል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ሻምፑውን በውኃ አቅጥነሽ ቆዳው ላይ አፍስሺና በጣትሽ ሆድ እሺው፤ ከዚያ እስከ ሥሩ ይድረቅ። ራስን ያሳከካት ሴት ሁሉ ዘይት ላይ ትሮጣለች። ፎረፎር ካለሽ ግን ዘይት ያባብሰዋል፤ ፎረፎርን የሚያባብሰው ማላሴዚያ የሚባለው ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነውና። ዘይቱን ለጫፉ ተዪለት፤ ለቆዳው የፎረፎር ሻምፑ ይሻላል። ማታ የሳቲን ወይም የሐር ሻሽ እሰሪ፤ ስታስሪው ግን ቋጠሮው ግንባር ላይ አይጥበቅ።

ባዮቲን ስለሚባለው ቫይታሚንም ብዙ ሴቶች ይጠይቁኛል። እጥረቱ ለሌላት ሴት ፀጉር እንደሚያሳድግ የሚያሳምን ማስረጃ የለም። የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ደም ከመመርመርሽ በፊት ለሐኪሙ ንገሪ፤ የታይሮይድንና የልብን አንዳንድ ምርመራ ያዛባል።

ለውጡን በመስታወት ሳይሆን በሜትር ለኪው። ከኋላ አንዲት ዘለላ ምረጪ፣ ቀስ ብለሽ ዘርጊያት፣ ርዝመቷን ጻፊ፤ በየሦስት ወሩ ያችኑ ቦታ። የግንባርሽን ዳር ደግሞ በአንድ ዓይነት ብርሃን በየወሩ ፎቶ አንሺው። መጎተት ካቆምሽ በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ለጋ ፀጉር ብቅ ማለት አለበት። ካልታየ ሐኪም ይየው።

ልጅሽን በተመለከተ፣ እንደ አንቺ አታሠሪያት። የልጅ ፀጉር ቀጭን፣ ሥሩም ለስላሳ ነው፤ በልጅነት የጀመረ መጎተት ደግሞ ለዓመታት ይደራረባል። ቅጥያ ጨርሶ አይደረግላት። ጥቂት፣ ወፈር ያሉ፣ ላላ ያሉ ጉንጉኖች ይበቋታል፤ ዶቃም ከሆነ ቀላልና ጥቂት ይሁን። ስትሠራ ካለቀሰች እጁ ከብዶባታል፤ «ልጅ ስለሆነች ነው» አይባልም፣ ይፈታላት። በየሁለት ሳምንቱም ፈትተሽ ራሷን በብርሃን እያት። ክብ ሆኖ የረገፈ፣ የሚቀረፈት ወይም ፀጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ ብቻ የቀረበት ቦታ ካገኘሽ ያ የመጎተት አይደለም፤ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ቆረቆር በሚቀባ ቅባት ብቻ አይድንም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። እስክትታከም ሚዶዋን፣ ሻሿንና ትራሷን ለብቻ አድርጊ፤ ቤት ውስጥ ያሉትን ልጆች ራስም አብረሽ እዪ።